«ሁሉንም ዝጊው» ለተባለችው መምህርት

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። 32 ኮምፒውተር ያለው ላብ በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ለሳይንስ የቤት ሥራ የእንስሳት ሥዕል ሲፈልግ የብልግና ምስል ተከፈተበት። ደንግጦ ማታ ለእናቱ ነገራት። እናቱ በማግስቱ መጥታ ቢሮ ውስጥ አለቀሰች። ዳይሬክተራችንም ‹ሁሉንም ዝጊው› አሉኝ። አንድ ባለሙያ መጥቶ ማጣሪያ ጫነ፤ ፓስወርዱን ለዳይሬክተሩ ሰጥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ላቡ ላብ አልሆነልኝም። ዩቲዩብ ጭራሽ አይከፍትም። የባዮሎጂ መምህሩ ለ10ኛ ክፍል ስለ ሥነ ተዋልዶ ሊያሳይ ያዘጋጀው ገጽ በተማሪዎቹ ፊት ‹የተከለከለ› የሚል ቀይ ጽሑፍ አወጣበትና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የ11ኛ ክፍል ወንዶች ደግሞ ቪፒኤን የሚባለውን እገዳ ማለፊያ ፕሮግራም ጭነው እንደልባቸው ይገባሉ። የባሰው ግን ሌላ ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ስለ ወር አበባ ሕመም ስትፈልግ ተዘጋባት። በየሳምንቱ ለዳይሬክተሩ በኢሜይል የሚደርስ ሪፖርት አለ፤ ስሟ ከነፈለገችው ቃል ‹ወሲብ› ከሚል ርዕስ ሥር ወጣ። ዳይሬክተሩ ጠርተው ‹ይህቺ ልጅ ምን ፈልጋ ነው?› አሉኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ማጣሪያው ይነሳ ብዬ ልከራከር? ወይስ ይህም ይሻላል ብዬ ልቀመጥ? እናትየዋን ሳስብ ‹ይነሳ› ማለት ያቅተኛል።»

ር.፣ ከአዳማ

ልጄ፣ ጋሼ ብለሽኛልና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ማጣሪያው ይነሳ ብለሽ አትከራከሪ። ነገር ግን ቁልፉ ከዳይሬክተሩ መሳቢያ ወጥቶ ወደ ላቡ ይምጣ፤ ጥብቀቱ ይላላ፤ የዚያች ልጅ ስም ከሪፖርቱ ይውጣ። ለእነዚህ ሦስቱ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተከራከሪ።

እናትየዋ እውነት አላት። እኔ የትምህርት ቤት ላብ መያዝ በጀመርኩበት ዘመን ማጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረንም። አንድ ጠዋት የ5ኛ ክፍል ልጆች ገብተው አንዲት ተማሪ የሥዕል መቀቢያ ጨዋታ ስትፈልግ አድራሻው ላይ አንድ ፊደል ሳተች። ስክሪኑ ላይ ነውረኛ ነገር ተደቀነ። አንዱን መስኮት ስዘጋው ሁለት ይከፈታል፤ እነዚያን ስዘጋ አራት። በመጨረሻ ኮቴን አውልቄ ስክሪኑን ሸፈንኩና ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ዘወር ስል ልጅቷ በሁለት እጇ ዓይኗን ሸፍና «እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም» ትላለች። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ምንም ሳያጠፋ የጥፋተኝነት ስሜት የገባውን ልጅ ለማዳን ማጣሪያ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሳይፈልጉ ድንገት ከመግባት ያድናል። የሐሰት ገጾችንና ቫይረስ የሚጭኑ አድራሻዎችንም ይመልሳል፤ ፍላሽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በሚዞርበት ላብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ መስመር ለ32 ኮምፒውተር ሲካፈል ደግሞ ሦስት ልጆች ቲክቶክ ከከፈቱ የቀሩት 29ኙ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ክብ ሲዞር ያያሉ። ይህንንም ማጣሪያው ያስተካክላል።

ሆን ብሎ የሚፈልገውን ግን አያቆመውም። ይህን ገና ከመነሻው ለዳይሬክተሩም ለወላጆችም መናገር ያስፈልጋል። የ11ኛ ክፍሎቹ ነገር አልገረመኝም። የእኛ አገር ወጣት ቪፒኤንን የተማረው ትምህርት ቤት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘጋ፣ በ2009 በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ፣ በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲታገዱ ታላላቆቹ «ሳይፎን አውርድ» እየተባባሉ ሲሻገሩ አይቶ ነው ያደገው። ዛሬ 11ኛ ክፍል ያለ ልጅ የተዘጋ ገጽ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «በየት በኩል ልዙር» የሚለው ነው። ኪሱ ውስጥ ደግሞ የራሱ ዳታ ያለው ስልክ አለ፤ ያንን የትምህርት ቤቱ ማጣሪያ አያየውም። ስለዚህ ከእነሱ ጋር የድመትና የአይጥ ሩጫ አትግቢ። ኮምፒውተሮቹን ተማሪ ፕሮግራም መጫን በማይችልበት አካውንት አድርጊያቸው፤ የአድሚኑ ፓስወርድ በአንቺ እጅ ይሁን። ይህ ብቻውን አብዛኛውን ነገር ያስቆማል። ከዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደሽ ነፃ ቪፒኤን ማለት የሚልኩትና የሚቀበሉት ሁሉ በማያውቁት ሰው ቤት በኩል እንዲያልፍ መፍቀድ እንደሆነ ንገሪያቸው። ሳትቆጪ፣ እንደ ትምህርት። 16 ዓመት የሆነው ልጅ እንደ ሰው ሲያናግሩት ይሰማል።

አሁን ወደ ማሽኑ ሆድ ልግባ፤ ዳይሬክተሩ ፊት ስትቀርቢ ነገሩን ከሥሩ አውቀሽው እንድትናገሪ እፈልጋለሁ።

ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚጓዘው ታሽጎ ነው። ማጣሪያው ፖስታው ላይ የተጻፈውን የድረ ገጽ ስም ያያል፤ ውስጡ ያለውን ደብዳቤ አያይም። ስለዚህ ከአንድ ድረ ገጽ ውስጥ አንዱን ቪዲዮ ለይቶ መዝጋት አይችልም፤ ወይ ዩቲዩብን ጠቅላላ ይዘጋል፣ ወይ ጠቅላላ ይከፍታል። ባለሙያው ጠቅላላ የዘጋው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ፖስታውን ከፍቶ ማንበብ የሚቻልበት መንገድም አለ፦ የትምህርት ቤቱን የራሱን ሰርተፍኬት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ማጣሪያውን እንዲያምን የሚያደርገውን ዲጂታል ማረጋገጫ፣ በየኮምፒውተሩ መጫን። እንደዚያ ከተደረገ ግን ተማሪው የጻፈው ኢሜይልና ያስገባው ፓስወርድ ሁሉ ሊነበብ ይችላል። የልጅቷ ስም ከነፈለገችው ቃል ሪፖርቱ ላይ ወጣ ብለሻል። እንግዲያው ወይ ፖስታው እየተከፈተ ነው፣ ወይ ብራውዘሩ ውስጥ የተለጠፈ፣ የሚጻፈውን የሚከታተል ፕሮግራም አለ። ባለሙያውን ደውለሽ የትኛው እንደሆነ ጠይቂው። መምህራኑ በዚያው ላብ የባንክ አካውንታቸውን የሚከፍቱ ከሆነ እነሱም ማወቅ ይገባቸዋል።

ፖስታውን ሳይከፍቱ ዩቲዩብን ማላላት ግን ይቻላል። ጉግል ለትምህርት ቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች ብሎ ያዘጋጀው መንገድ አለ፦ በዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር በሚቀይረው አገልግሎት) በኩል ዩቲዩብን «የተገደበ» በሚባለው አሠራሩ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ። ለአዋቂ ተብለው የተመደቡ ቪዲዮዎች ይደበቃሉ፤ ከሥር ያለው የአስተያየት መዓትም አይታይም። የጉግል ፍለጋንም በዚሁ መንገድ «ሴፍሰርች» በሚባለው፣ ነውረኛ ውጤቶችን በሚደብቀው አሠራር ላይ መቆለፍ ይቻላል። ያ የ7ኛ ክፍል ልጅ የእንስሳት ሥዕል ሲፈልግ ሴፍሰርች በርቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እናቱም አታለቅስም ነበር። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤተሰብ ብሎ በነፃ ያወጣው ዲኤንኤስም አለ፤ ራውተሩ (ኢንተርኔቱን ለላቡ የሚያካፍለው ሳጥን) ላይ 1.1.1.3 ብለሽ ስታስገቢ የቫይረስና የብልግና አድራሻዎችን ይመልሳል። ተማሪዎቹ በየኮምፒውተሩ እንዳይቀይሩት ግን ራውተሩ ላይ ሌላ ዲኤንኤስ እንዳያልፍ ማድረግ አለብሽ። ብራውዘሮቹ ውስጥ ያለውንም የራሳቸውን ዲኤንኤስ አጥፊው፤ አለዚያ በጓሮ በር ይወጣሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ማጣሪያ የድረ ገጹን ስም ሳይሆን ቃል እያየ ነው የሚዘጋው። የዚህን ጉድ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝ አገር የሆነውን ላስታውስሽ። ስከንቶርፕ የምትባል ከተማ ነዋሪዎች ኤኦኤል በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት መመዝገብ አቃታቸው፤ ከከተማቸው ስም መሐል የሚገኙት አራት ፊደላት በእንግሊዝኛ ስድብ ስለሆኑ። ማሽኑ ከተማ አላየም፣ ስድብ ነው ያየው። የባዮሎጂ መምህራችሁ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እኔ ራሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ተማሪ በሌለበት ላብ ቁጭ ብዬ ፈተንኩት። በእንግሊዝኛ «የጡት ካንሰር» ብዬ ስጽፍ ተዘጋ። በራሳችን ፊደል አፌን ሞልቼ የማልናገረውን ነውረኛ ቃል ስጽፍ ምንም ሳይለኝ አሳለፈኝ። አማርኛውን በላቲን ፊደል፣ ልጆች ቻት ላይ እንደሚጽፉት አድርጌ ስጽፍም አሳለፈኝ። ከውጭ የመጣው ማጣሪያ የእኛን ቋንቋ አያውቅም። ይህን ሙከራ ዳይሬክተሩን አጠገብሽ አስቀምጠሽ በዓይናቸው እያዩ ድገሚው። የአንቺም ማጣሪያ ከእኔው የተለየ ሆኖ ካገኘሽው ደስ ይለኛል። ካልሆነ ግን «ሁሉንም ዘግተናል» የሚለው እምነት የተዘጋው ባዮሎጂ፣ የተከፈተው ነውር መሆኑን ሲያዩ ይላላል።

ስለ ጥብቀቱ ደግሞ ቁጥር ይዘሽ ግቢ። አሜሪካ ውስጥ ካይዘር ፋሚሊ ፋውንዴሽን የተባለው በጤና ጉዳይ ላይ የሚያጠና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጠናው ጥናት በጊዜው ትምህርት ቤቶች ይጠቀሙባቸው የነበሩትን ማጣሪያዎች ፈትኗል። በጣም በላላው ደረጃ ላይ ሲቀመጡ ከብልግና ገጾች 87 በመቶውን ዘጉ፤ ከጤና ገጾች የዘጉት 1.4 በመቶውን ብቻ ነበር። በጣም በጠበቀው ደረጃ ላይ ሲቀመጡ የተዘጋው ብልግና 91 በመቶ ደረሰ፤ የተዘጋው የጤና ገጽ ግን ወደ 24 በመቶ ዘለለ። አየሽው? በብልግናው በኩል አራት ነጥብ ለመጨመር ከአራት የጤና ገጽ አንዱን ሊያጡ ምንም አልቀራቸውም። ሶፍትዌሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ከሚያተርፈው የሚያከስረው እንደሚበልጥ ግን ያንቺው ላብ በሁለት ወር አሳይቶሻል። እነዚህን አራት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ጽፈሽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪላቸው።

«አሜሪካኖቹ እንኳ በሕግ ነው የዘጉት» ሊሉሽ ይችላሉ፤ ብዙ ዳይሬክተሮች ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ሕግ አላቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2000 የወጣው የልጆች የኢንተርኔት ጥበቃ ሕግ ይባላል፤ ከመንግሥት የኢንተርኔት ቅናሽ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ማጣሪያ እንዲያስገቡ ያዛል። ግን ሕጉ ዝጉ የሚለው ምስሎችን ነው፦ የብልግና፣ ሕፃናትን ለወሲብ የሚያሳዩና ለልጆች ጎጂ የሆኑ ምስሎችን። የወር አበባን ገጽ ዝጉ አይልም። ለአዋቂ ሰው ጥናት ሲባል ማጣሪያውን ማንሳትንም ራሱ ሕጉ ፈቅዷል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር ተቃውሞ ከሶ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሕጉን ያጸናው አዋቂ ተጠቃሚ «ክፈቱልኝ» ካለ ይከፈትለታል የሚለውን ማረጋገጫ ተመልክቶ ጭምር ነው። የእናንተ የባዮሎጂ መምህር ግን ለማን ይበል? ፓስወርዱ ዳይሬክተሩ ጋ፣ ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ።

እንግዲህ አጥሩ በር ይኑረው የምለው ለዚህ ነው። ፓስወርዱን አንቺና ሌላ አንድ መምህር ያዙት። ላቡ በር ላይ አንድ ደብተር ይቀመጥ። መምህር የተዘጋበትን አድራሻ፣ ቀኑንና ትምህርቱን ይጽፋል፤ አንቺ አይተሽ እዚያው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ትከፍቻለሽ፣ ትፈርሚበታለሽ። ዳይሬክተሩ ቁጥጥር ከፈለጉ ደብተሩን በወር አንዴ ያንብቡ። በአሠራር በኩል እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ጠበቅ ባለው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉት ላላ ባለው አካውንት ይግቡ። ኮምፒውተሮቹንም ከቻልሽ በግድግዳው ዙሪያ አዙሪያቸው፤ ስክሪኖቹ ወደ መሐል ሲያዩ አንቺ መሐል ቆመሽ 32ቱንም በአንድ እይታ ታያለሽ። እኔ ላቡን እንደዚያ ካዞርኩ በኋላ ያረፍኩትን ያህል በየትኛውም ሶፍትዌር አርፌ አላውቅም።

አሁን ወደ ልጅቷ። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው እዚያ ነው።

አንዲት የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ሆዷን እየቆረጣት፣ እናቷን መጠየቅ አፍራ፣ ስልክ ሳይኖራት ይሆናል፣ ትምህርት ቤቷ ባቀረበላት ኮምፒውተር ላይ ጥያቄዋን ጻፈች። ማሽኑ «ወሲብ» ብሎ መዘገባት፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ ስሟን አነበበ፣ ሌላ ሰው ጠርቶ ስለ እሷ ጠየቀ። እሷ ይህን አውቃ ከሆነ ሁለተኛ ምንም ነገር አትጠይቅም፤ ማሽኑንም፣ ሰውንም። አፍሬ ዝም አልኩ ብለሻል። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ዝም እል ይሆናል፣ አልፈርድብሽም። ነገር ግን ተመልሰሽ ግቢና ዓይናቸውን እያየሽ ይህን በይ፦ «የፈለገችው የወር አበባ ሕመም ነው። የጤና ጥያቄ ነው። ስሟ ከዚህ መዝገብ እንዲጠፋ እለምንዎታለሁ።» ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግሽም። ዳይሬክተርሽ ክፉ ሰው አይመስሉኝም፤ የደነገጠች እናት ፊት የቆሙ፣ ዳግም እንዳይደርስ የፈሩ ሰው ናቸው። ሪፖርቱን ያመጡትም እሳቸው አይደሉም፤ ከሶፍትዌሩ ጋር ተከትሎ የመጣ ነው። ባለሙያውን በስም የሚወጣውን ሪፖርት አጥፋው በይው። የተዘጉ አድራሻዎች ብዛት በቂ ነው። የልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ነው የሚያሰኝ ምልክት ሲገኝ ማን እንደሚያየውና ከዚያ ለማን እንደሚነገር ግን ከወዲሁ ተስማምታችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ የሚያየው አንድ ሰው ይሁን፣ ለሴት ልጆች ደግሞ ሴት መምህር።

ከዚያ ልጅቷን ለብቻዋ አግኝያት። ቢሮ አትጥሪያት፤ በዕረፍት ሰዓት፣ እንደ ዋዛ ቀርበሽ። የፈለገችው ነገር ነውር እንዳልሆነ፣ የተሳሳተው ማሽኑ እንደሆነ ንገሪያት። ሕመሙ ከትምህርት የሚያስቀራት ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት ንገሪያት። አብረሻት ብትሄጂ ደግሞ እንዴት በተደሰትኩ።

ለእሷና እሷን ለመሳሰሉት አንድ ተጨማሪ ነገር ላቡ ውስጥ አስቀምጪ። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፒዲያን ጠቅላላ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የሕክምና ጽሑፎቹን ብቻ ለይቶ የያዘም አለ። አንዴ ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ አውርደሽ በየኮምፒውተሩ ጫኚው። ኢንተርኔት ስለማይነካ ማጣሪያውም አያገኘውም፣ ሪፖርትም አይወጣበትም። መስመር በሚቋረጥበት ቀንም ክፍለ ጊዜሽ አይባክንም። ለሒሳብና ለሳይንስ ትምህርት ቪዲዮዎች ደግሞ ኮሊብሪ የሚባለውን ተመልከቺው፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ለላቡ ሁሉ በውስጥ መስመር ያካፍላል።

እናትየዋንም አትርሻት። ለሁለት ወር ከትምህርት ቤቱ የሰማችው «ዘግተናል» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ ልጇ የጓደኛውን ስልክ ይዞ ያገኘችው ቀን ዳግም ታለቅሳለች። ጥሪያት፣ ላቡን አሳያት፣ ማጣሪያው የሚይዘውንና የማይዘውን አንድ በአንድ ንገሪያት። ቤት ውስጥ ስልኩ ላይ ሴፍሰርች እንዴት እንደሚበራ እጇን ይዘሽ አሳያት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ልጁስ? ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ እሱ ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር አልጻፍሽልኝም። ማንም ያናገረው አይመስለኝም፤ ሁሉም ስለ ማሽኑ ሲያወራ እሱ ተረስቷል። ያ ልጅ ነውረኛ ነገር ሲያይ ደብቆ አልያዘውም፣ ለጓደኞቹም አላሳየም፣ ሄዶ ለእናቱ ነገረ። ምናልባት አሁን «በእኔ ምክንያት ላቡ ተዘጋ» እያለ ይሆናል፤ ክፍል ውስጥም እንደዚያ የሚሉት ልጆች አይጠፉም። ነገ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ጠጋ በይውና ትክክል እንዳደረገ ንገሪው። ከዚያ ለክፍሉ ሁሉ፣ የእሱን ስም ሳትጠሪ፣ እንዲህ በያቸው፦ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ የስክሪኑን ቁልፍ ተጭናችሁ አጥፉት፣ እጃችሁን አውጡ፤ እኔ እመጣለሁ፣ ማንም አይቆጣችሁም።